ተኩሱን ማን ሰማ?

በደቡብ ጎንደር ደጋ ተኩስ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ አይደነግጥም፤ ጆሮውን ይጥላል። ክላሽ ነው ምንሽር? ከወዲህ ነው ከወንዙ ማዶ? አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ ወይስ ተከታተለ? ከባህር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጠችው ሐሙሲትም ከዚህ ልማድ ውጪ አይደለችም። በገበያ ቀኗ የደራ ገበሬ ከብቱንና እህሉን ይዞ ሲሞላት አንድ ጥይት ቢጮኽ፣ ነጋዴው ከሚዛኑ ቀና ይልና ሰርግ ይሁን ለቅሶ ወይም ጠብ ባተኳኮሱ ለይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። በአንድ ቅጽበት ስንት መቶ ሰው ሰምቷል። ማምሻውን ፖሊስ መጥቶ «ማን ተኮሰ?» ቢል ግን ሰማሁ የሚል አንድ ሰው ላይገኝ ይችላል። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ካሜራ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ከተማረው ወገን አንዳንዱ «ለተኩስስ ለምን ጆሮ አይተከልም?» ሲል እሰማለሁ። እንዲህ ያለው ጆሮ በውጭው ዓለም አለ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው፣ ሾትስፖተር ይባል የነበረውና ከ2023 ወዲህ ሳውንድቲንኪንግ የተባለው ድርጅት የድምፅ መቀበያዎችን በሕንፃ ጣሪያና በመብራት ምሰሶ ላይ ይተክላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ጥይት ሲተኮስ ቅርብ ያለው መቀበያ ቀድሞ፣ የራቀው ዘግይቶ ይሰማል፤ ኮምፒዩተሩም ያችን የሰከንድ ሽርፍራፊ ልዩነት አስልቶ ቦታውን ያገኛል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ድምፁን አዳምጦ «ተኩስ ነው» ካለ፣ ወሬው በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ይደርሳል። ጎረቤት አልተጠየቀም፤ ምስክር አልተጠራም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ከተማን ሌሊትና ቀን ማዳመጥ ተገቢ ነውን? ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ጥያቄው ስም አለው፤ ተጀሱስ ይባላል። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 አላህ (ሱ.ወ.) ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅና የሰው ነውር እንዳንከታተል አዞናል። ኢማም ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ የጠቀሱትን የኸሊፋ ዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በግድግዳ ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም በጥፋት ላይ አገኙት። እሱ ግን «እኔ በአንድ ነገር አጥፍቻለሁ፣ አንቱ ግን በሦስት» ብሎ ተከራከራቸው። ሰልለዋል፣ በበር አልገቡም፣ ፈቃድ አልጠየቁም። ዑመርም ትተውት ወጡ። የሙስሊሞች መሪ ከአንድ ጠጪ ፊት በሕግ ተረትቶ የወጣበት ታሪክ ነው።

በዚህ ብቻ ተመርኩዞ «ማሽኑ ሐራም ነው» ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ይሆናል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ወሬ ላይ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ጢሙ መጠጥ የሚያንጠባጥብ ሰው ይዘውባቸው ሲመጡ፣ መሰለል እንደተከለከሉ፣ ነገር ግን አንድ ጥፋት በግልጽ ከታያቸው እንደሚይዙበት ተናግረዋል። ልዩነቱ በተደበቀውና በተገለጠው መካከል ነው። ከቤቱ ውስጥ የሚያንሾካሹክ ሰው ድምፁን ደብቋል። በመንገድ ላይ ክላሽ የሚተኩስ ሰው ግን ምን ደበቀ? አራት ቀበሌ አሰምቷል። ስለዚህ የተኩስን ድምፅ፣ እሱን ብቻ፣ መስማት በራሱ ስለላ ነው ለማለት እኔ በበኩሌ አልደፍርም።

ለማሽኑ የሚቆሙ ሰዎችም ቀላል የማይባል ማስረጃ አላቸው። ካርና ዶሊያክ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ መቀበያ ከያዘው ተኩስ ውስጥ ሰው ለፖሊስ ደውሎ ያመለከተው 12 በመቶውን ብቻ ነበር። የቀረው በዝምታ አለፈ። በዝምታ ካለፈው መካከል ደሙ እየፈሰሰ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ሊኖር ይችላል። አንዲትን ነፍስ ማዳን ሰዎችን ሁሉ እንደማዳን በሚቆጠርበት ሃይማኖት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አቃሎ ማየት አይችልም።

ለነገሩ እኔን የሚያሳስበኝ ጆሮው ሳይሆን ከጆሮው በኋላ የሚመጣው እግርና እጅ ነው። የቺካጎን ከተማ እንውሰድ። ከተማዋ በ2018 ለሦስት ዓመት 33 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ውል ገባች። የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር መሥሪያ ቤት በነሐሴ 2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ከ50 ሺህ በላይ ጥቆማ ለፖሊስ ደርሶ፣ ከእነዚህ ውስጥ የጦር መሣሪያ ወንጀል ማስረጃ መገኘቱ የተመዘገበባቸው 9.1 በመቶው ብቻ መሆናቸውን ገለጸ። ድርጅቱ በበኩሉ «ማስረጃ አልተገኘም ማለት ጥይት አልተተኮሰም ማለት አይደለም» ይላል፤ እውነት አለው። ይሁንና ያው ሪፖርት ሌላ ነገር ጨምሯል። ጥቆማ በሚበዛበት ሠፈር አንዳንድ ፖሊሶች የሠፈሩን ሰው የሚያዩበት ዓይን ተለውጧል፤ ሰው ለማስቆምና ለመፈተሽ የሠፈሩ ጥቆማ መብዛት እንደ አንድ ምክንያት እየተጠቀሰ መጥቷል። መቀበያዎቹ የተተከሉት ከ22ቱ የፖሊስ ወረዳዎች በ12ቱ፣ በአብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖዎች በሚኖሩባቸው ነበር። ቁርኣን የከለከለው ጥርጣሬ በማሽን ተደግፎ የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

በመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ከተማ ማሽኑ ስምንት ጥይት ቆጠረ። አልተሳሳተም፤ በእርግጥ ተተኩሶ ነበር። ፖሊሶች ደረሱ፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሮጠ፣ አንዱ ፖሊስ ተከተለው፤ ልጁ መሣሪያ ከእጁ ጥሎ ባዶ እጁን ባነሣበት ቅጽበት በጥይት ገደለው። ሌላ የ65 ዓመት አዛውንት ደግሞ ከዚሁ ማሽን በተገኘ መረጃ ጭምር በግድያ ተከሰው አንድ ዓመት ገደማ ከታሰሩ በኋላ፣ ዓቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለኝም ብሎ ክሱን አነሣ። ከተማዋ በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎቱን አቋርጣለች፤ በውሳኔው ላይ ክርክሩ አልበረደም።

ለሙስሊሙ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ታሪክ አለ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ፣ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው በስፓርክብሩክና በዎሽውድ ሂዝ ሠፈሮች 218 ካሜራዎች ተተከሉ፤ 72ቱ የተደበቁ ነበሩ። ለነዋሪው የተነገረው ወንጀልን ለመከላከል ነው ተብሎ ነው። ገንዘቡ የወጣው ግን ከፀረ ሽብር በጀት ነበር። ነገሩ ሲወጣ ሠፈሩ ተቆጣ፤ ካሜራዎቹ በ2011 ተነቀሉ። ካሜራ ብረት ነው፣ ሃይማኖት አይለይም፤ የት እንደሚተከል የሚወስነው ግን ሰው ነው።

እኛስ አገር ወንጀለኛን የሚያሸት መሣሪያ አልነበረምን? ሌባ ሻይ የሚባለውን አባቶቻችን ያውቁታል። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና ይጨስለታል፤ ከዚያ እያነፈነፈ፣ እየወደቀ እየተነሣ ሠፈሩን ይዞራል። ገብቶ ከተኛበት አልጋ ባለቤቱ ሌባ ነው ይባላል። ልጁ አይጠየቅም፤ ምክንያት አይሰጥም። ዛሬ እንስቅበታለን፤ ሰውየው ግን ንብረቱን ከፍሎበታል። አንድ ዕቃ ወደ ቤትህ ስላመለከተ ብቻ ንጽሕናህን ማስረዳት የአንተ ሸክም ከሆነ፣ ዕቃው በመድኃኒት ይስከር በኤሌክትሪክ ይሠራ ልዩነቱ ለእኔ አይታየኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ማሽን ለማምጣት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ እነዚህን ያንብብ።

እስቲ ደግሞ ማሽኑን በሐሳባችን ደብረ ታቦር ላይ እንትከለው። ነሐሴ 13 ክርስቲያን ወገኖቻችን በከተማዋ ስም የሚጠራውን በዓል፣ ቡሄን ያከብራሉ። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ ሲሄድ የሚፈጥረው ጩኸት ከፈጣን ጥይት ጩኸት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ወቅቱ ደግሞ ክረምት ነው፤ ነጎድጓዱ አለ፣ የተራራው ገደል ማሚቶ አለ። ካሊፎርኒያ የተማረ ጆሮ ይህን ሁሉ እስኪለምድ ስንት እረኛ በፖሊስ መኪና ይከበብ ይሆን?

ይህ ግን ቀላሉ ነው፤ ጆሮ ይማራል። ከባዱ ሌላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያ ደቡብ ጎንደርንም አዳረሰ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ አገር «እዚህ ቦታ ተተኩሷል» የሚል ምልክት ሲደርሰው የሚነሣው ማን ነው? ቁስለኛ የሚያነሣ አምቡላንስ ነው ወይስ ቃታ ላይ ጣቱን ያደረገ ሰው? ሱረቱል ሑጁራት በአንቀጽ 6 ወሬ ሲመጣ ሳያጣሩ በሰው ላይ መውደቅ ጸጸት እንደሚያስከትል ያስጠነቅቃል። አንድ ደቂቃ ለማጣራት አይበቃም። የማሽኑ ትልቁ ምስጋና ፍጥነቱ ነው፤ እኔ የምፈራውም ይህንኑ ፍጥነቱን ነው። የሚያጣራ ተቋም ሳይኖር የሚፈጥን ጆሮ እንዲተከል አልፈቅድም፤ አቋሜ ይኸው ነው።

ታዲያ ተኳሹ ዝም ይባል? አይባልም። ይህ አገር ከመሣሪያ ጋር ያለው ፍቅር የትናንት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። ዛሬም ሙሽራ ሲገባ፣ የተከበረ ሰው ሲቀበር ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ደግሞ ሰማይ አይቀርም። ሲመለስ በሰከንድ ከ60 እስከ 90 ሜትር ይወርዳል፤ ይህ የራስ ቅል ለመብሳት ይበቃል። አጋድሎ የተተኮሰ ከሆነ ከዚያም ይፈጥናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊድና በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የአንድ ቀስት ጫፍ እንዲህ ከተጠነቀቁለት፣ በሐሙስ ገበያ ላይ የሚወርድ የክላሽ ጥይት ምን ሊባል ነው?

በሸሪዓ እንዲህ የሚሞት ሰው በስህተት እንደተገደለ ይቆጠራል። የሚገርመኝ ሕጉ ካሳውን በገዳዩ ላይ ብቻ አለመጣሉ ነው። ፉቀሃዎች ዓቂላ የሚሏቸው ዘመዶቹ ይጋሩታል። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፤ ሲተኩስ እልል ያለ ዘመድ ሲከፈልም ይዋጣ። የአገራችን የደም እርቅም ከዚህ አይርቅም፤ ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ ካሳውን የሚያዋጣው ወገን ነው። በድሮው አውጫጭኝም እንዲሁ ነበር። አገር ተሰብስቦ ይከበባል፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ አይበተንም፣ ካልታወቀ ሁሉም በጋራ ይከፍላል። ግፍ ነበረበት፤ ንጹሕ ሰው ከሥራው ይታገዳል፣ ቂመኛም በጠላቱ ላይ ያንሾካሽካል። ይሁንና አንድ ነገር ያውቅ ነበር። የሰማ ሰው ዕዳ አለበት ይላል።

ያን ዕዳ ማሽኑ ሊከፍልልን አይችልም። ምስክርነትን መደበቅ የልብ ወንጀል መሆኑን ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 283 ያስተምራል። ሰው የሚደብቀው ግን ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ነገ ተኳሹ ሲፈታ ከደጁ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ ነው። ምስክሩን የሚጠብቅ ፖሊስ በሌለበት «ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ሕዝብን መውቀስ ለጋዜጠኛ ቀላል ነው፤ ጋዜጠኛ አዲስ አበባ ያድራል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያለውን ከሌለው የሚለይ ሥርዓት ደንግጓል። ወረቀቱ አለ። ወረቀቱን ወደ ሰርጉ ዳስ የሚያደርሰው ነው የጠፋው።

በእኛ በኩል ለዚህ የሚቀርበው ሰው ኒካሕ የሚያስረው ኢማም ይመስለኛል። ስለ መህር ይጠይቃል፣ ስለ ወሊይ ይጠይቃል፣ ምስክሮቹን ይቆጥራል። እግረ መንገዱን «ዛሬ የሚተኮስ ካለ እኔ እነሣለሁ» ቢል ማን ይከለክለዋል? እድሮችም አሉ። ለቀብር ለዘገየ፣ ዳስ ሲጣል ለቀረ ቅጣት በደንባቸው ጽፈዋል። በለቅሶ ላይ ለተኮሰ ቅጣት የጻፈ እድር፣ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ወይም የጋራ፣ በሐሙሲት፣ በደብረ ታቦር ወይም በሌላ ከተማ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍልኝ፤ ደንቡን በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ።