ራስን መቻልና ከሰው ጋራ መኖር

ወዳጄ ሆይ፤ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከማክሰኝት ተነሥተህ በጣና ዳር ወዳለችው ባሕር ዳር የሄድህ እንደ ሆነ፥ ሁለት ፈተና ይጠብቅሃል። አንዱ፥ በዘመድ ቤት ተጠግቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው፥ ቤት ተከራይቶ ደጅን ከዘጉ በኋላ «ማንም አያስፈልገኝም» ማለት ነው። የፊተኛው ስንፍና፥ የኋለኛው ትዕቢት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስን ተመልከት። ወደ ቆሮንቶስ በመጣ ጊዜ እንግዳ ነበረ፤ ነገር ግን ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ብቻውንም አልሠራም፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ49 ዓ.ም. ገደማ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮሜ ባስወጣ ጊዜ ተሰደው ከመጡት ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ በቤታቸው ሆኖ ሠራ እንጂ። እነሆ፥ እንግዳ እንግዳን ተቀበለ።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ከምታገኘው ቆጥበህ ዕቁብ ጣል፤ ኪራይህንም በቀኑ ክፈል። ኀዘን ሳይደርስብህ በሰፈርህ ዕድር ግባ፤ በሌላው ለቅሶ ድንኳን ትከል፥ ውሃም ቅዳ። ጎረቤት ስምህን የሚያውቀው በዚያ ነውና። ራሱን የቻለ ሰው ማለት ማንንም የማይሻ አይደለም፤ የሌላውን ሸክም የሚያግዝበት ትከሻ ያለው ነው እንጂ። እንግዲህ ከአንተ በኋላ ከአገር ቤት ለሚመጣው ደጅህን ክፈትለት።