በመንገድ ምልክት ላይ መቀለድ ይገባልን?

በኢጣሊያ፣ በፍሎረንስ ከተማ ጎዳናዎች የሚመላለስ ሰው ፈገግ የሚያሰኙ የመንገድ ምልክቶች ያጋጥሙታል። መግባት ክልክል መሆኑን በሚያመለክተው ቀይ ክብ ላይ ያለውን ነጭ አግዳሚ አንድ ጥቁር የሰው ምስል እንደ ግንድ ተሸክሞት ይታያል። መንገዱ መውጫ የሌለው መሆኑን በሚያስታውቀው ምልክት ላይም፣ ቅርጹ መስቀልን ስለሚመስል፣ የተሰቀለው ክርስቶስ ተስሎበታል። የእነዚህ ሥዕሎች ባለቤት በፈረንሳይ ተወልዶ ኑሮውን በፍሎረንስ ያደረገው ሠዓሊ ክሌት አብርሃም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተለጣፊ ሥዕሎቹን በልዩ ልዩ የአውሮፓ ከተሞች ምልክቶች ላይ ለጥፏል። ብዙዎች ወደዱለት፤ ባለ ሥልጣኖች ደግሞ በገንዘብ ቀጡት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚያስቅና የሚያሳስብ ሥራ የሕዝብን ደኅንነት በሚጠብቅ ምልክት ላይ ሊያርፍ ይገባልን? አንዱ «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ነገሩን ወዲያው ይዘጋዋል፤ ሌላው «ማን ተጎዳ?» ብሎ ይስቃል። ለእኛ ግን ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለናል።

አስቀድመን ስለ ቀልድ እንናገር። ቀልድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ ጨዋታን በልኩ መያዝ ከምግባራት ወገን መሆኑን ከአሪስጣጣሊስ ተቀብሎ ያስተምራል፤ ሥጋ ከድካሙ በዕረፍት እንደሚታደስ ነፍስም በጨዋታ ትታደሳለችና። ይሁን እንጂ ሦስት ጥንቃቄዎችን ያስቀምጣል፦ ጨዋታው አሳፋሪ ወይም ጎጂ እንዳይሆን፣ አእምሮ ሚዛኑን ፈጽሞ እንዳይስት፣ እንዲሁም ለሰውየው፣ ለጊዜውና ለቦታው የተገባ እንዲሆን። ስለዚህ መመርመር ያለብን መቀለድ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ሳይሆን፣ የመንገድ ምልክት የቀልድ ቦታ ነው ወይ የሚለውን ነው።

የመንገድ ምልክት መልሶ ሊጠይቅ ለማይችል እንግዳ ሰው የተሰጠ ቃል ነው። «ቁም» የሚለውን ምልክት እንመልከት። ስምንት ማዕዘን በመሆኑ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል፤ ጽሑፉ በጭቃ ቢሸፈንም ቅርጹ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ከምልክቱ ዓላማ ጋር የማይገናኝ ማናቸውም ነገር እንዳይለጠፍበት የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ ሥዕሉን አይቶ ፈገግ ባለባት በዚያች ሰከንድ ውስጥ አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ወደ መንገዱ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት አንድ የ«ቁም» ምልክት ከቦታው በመነሣቱ፣ በመስቀለኛው መንገድ ሳይቆም ያለፈ መኪና ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሦስት የ18 ዓመት ወጣቶች ሞቱ። ለጨዋታ ምልክት ይነቅሉ የነበሩ ሦስት ወጣቶች ተከሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 እያንዳንዳቸው 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። እነርሱ ሌሎች ምልክቶችን መስረቃቸውን ቢያምኑም ያንን ግን አልነካንም ብለው ነበር፤ ፍርዱም እ.ኤ.አ. በ2001 በይግባኝ ተሻረ። የማን እጅ እንደ ነበረ አከራካሪ ሆኖ ቀረ፤ ሦስቱ መቃብሮች ግን አያከራክሩም።

እርግጥ ነው፣ የሚነቅልና የሚለጥፍ አንድ አይደሉም። ሠዓሊው የምልክቱን ቅርጽና ቀለም እንደሚጠብቅ፣ መልእክቱም ሳይጠፋ እንደሚነበብ ይናገራል። ይህን ልዩነት አለማየት ፍትሕን ማጉደል ነው። ነገር ግን ምልክቱ ይነበብ እንደሆነ የሚፈርደው ማን ነው? እርሱ የሚያየው በጤናማ ዓይን፣ በእግሩ ቆሞ ነው። የሚያነቡት ግን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ አገሩን የማያውቅ እንግዳ፣ በሌሊት በዝናብ የሚያሽከረክር ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ«ቁም» ምልክት ላይ ጥቂት ጥቁርና ነጭ ቁራጮችን ለጥፈው ሲሞክሩ፣ ምልክት እንዲለይ የሠለጠነ የኮምፒዩተር ሥርዓት የፍጥነት ወሰን ምልክት አድርጎ አነበበው። ለሰው ዓይን ግን ያው «ቁም» ነበር። የሚለጥፍ ሰው የራሱን ዓይን እንጂ የአንባቢውን ሁሉ ዓይን አያውቅም።

መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ነገር ዝም አላለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 27 ዕውርን ከመንገድ የሚያሳስተውን ሰው ይረግማል። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 26 ባልንጀራውን አታልሎ «ቀልዴን ነው» የሚለውን፣ ገዳይ መሣሪያ ከሚወረውር እብድ ጋር ያነጻጽረዋል። ከዚህ የምንማረው የልብ ቅንነት ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ነው።

በዝግ መንገድ ምልክት ላይ የተሰቀለውን ክርስቶስ ስናስብ፣ ሰው ሁሉ መጨረሻ ነው ባለው መስቀል ላይ መንገድ መከፈቱ ትዝ ይለናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለስብከትም ይሆናል። ሆኖም ሹፌሩ ከምልክቱ የሚጠብቀው ስብከት ሳይሆን መንገዱ ያልፍ ወይም አያልፍ እንደሆነ ነው። ለሥዕሉ ባለቤቱ የፈቀደው ግድግዳ አለ፤ ለምልክቱ ቃል ግን ሌላ ቦታ የለውም። ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀልድ የቀላጁ ሀብት ነው፤ የሌላውን ሰው ደኅንነት ግን ማንም ያለ ፈቃዱ መያዣ ሊያደርገው አይገባም።

በሠዓሊው ላይ ከፈረድን በኋላ ወደ ራሳችን እንመለስ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ከእነዚህ ስንቱ ምልክት የተበላሸበት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ደኅና ነው፤ ያልታዘዘው ሰው ነው። በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር የራሱንና የሌላውን ሕይወት በመንገድ ላይ አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ከባድ በደል እንደሚፈጽም የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 ይናገራል። በንጹሕ ምልክት ፊት ሳይቆም የሚያልፍ ሹፌር፣ አንዲት ሥዕል ሳይለጥፍበት ምልክቱን ሰርዞታል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ስለ አምስተኛው ትእዛዝ ወጣቶችን ስታስተምሩ ይህን ጥያቄ አቅርቡላቸው። ይሳቁ፤ ሳቃቸውን አትከልክሏቸው። ከሳቁ በኋላ ግን ያን ምልክት አምኖ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቋቸው።