የመኪና ቀለም ገድ አለውን?

አንባቢ ሆይ፤ ሰው መኪና ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ከዘመድና ከወዳጅ የሚሰማው ምክር ብዙ ነው። አንዱ ስለ ሞተሩ፣ ሌላው ስለ ጎማው ይነግረዋል። ሦስተኛው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ቀለም ገድ የለውም፤ ተወው። ይህን ቀለም የተቀባ መኪና አካሉ ሳይጋጭና ሳይጨረማመት አይከርምም» ይለዋል። ነገሩ ተራ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን መኪና የሚነዳ ሰው የብዙ ሰዎችን ነፍስ በእጁ ይዞ የሚሄድ ነውና፣ ስለ አደጋ ምክንያት የምናምነው ነገር ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ አሳቡን በእውነት ሚዛን ልንመዝነው ይገባናል።

አውቶሞቢል ወደ ሀገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አመጣላቸው። ገድን ከመልክ መፈለግ ግን ከአውቶሞቢል ይልቅ እጅግ ያረጀ ልማድ ነው። ለዛር የሚታረደው ዶሮ ቀይ ይሁን፣ ጥቁር ይሁን፣ ገብስማ ይሁን እየተባለ ስንቱ ድኻ ያለ የሌለ ገንዘቡን ይዞ ከገበያ ገበያ ተንከራተተ! ዛሬ በዶሮው ፈንታ መኪናው ተተካ እንጂ አሳቡ ያው ነው።

ቀለም በእውነት ገድ ቢኖረው ኖሮ ለሁሉ ሰው አንድ በሆነ ነበር። ነገር ግን አረንጓዴን ተመልከት። በአሜሪካ የእሽቅድምድም ነጂዎች ዘንድ አረንጓዴ መኪና ክፉ ዕድል ያመጣል ተብሎ ለብዙ ዘመን ተፈርቶ ኖረ። ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ ግን ይኸው አረንጓዴ የሀገሪቱ የእሽቅድምድም መኪኖች የክብር ቀለም ነበር። የእንግሊዝ ቤንትሊ መኪኖች በፈረንሳይ ሀገር በለ ማን የሚደረገውን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1930 በተከታታይ አሸነፉ። ከዚያም በ1965 ጂም ክላርክ የተባለ የስኮትላንድ ሰው አረንጓዴ ሎተስ ነድቶ በዚያው በአሜሪካ፣ በኢንዲያናፖሊስ፣ ድል አደረገ። በእኛ ዘንድ ደግሞ አረንጓዴ የልምላሜ ምልክት ነው፤ ዝናብ ሲዘገይ በጅጅጋ ሜዳ መንጋውን ይዞ ሰማይ ሰማይ ለሚያይ አርብቶ አደር ከአረንጓዴ የሚበልጥ ደስ የሚያሰኝ መልክ የለም። እንግዲህ አንዱ ቀለም ባንድ ሀገር እርግማን፣ በሌላው ክብር፣ በሦስተኛው በረከት ከሆነ፣ ገዱ ያለው በሰው አፍ ነው እንጂ በቀለሙ ውስጥ አይደለም።

ሩቅ ሳንሄድ የአዲስ አበባን ሚኒባስ ታክሲዎች እናስብ። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ተቀብተው ለብዙ ዓመታት ሕዝብ አመላልሰዋል። ቀለማቸው አንድ ነው፤ ዕድላቸው ግን አንድ አይደለም። አንዱ ብዙ ዘመን ሠርቶ አካሉ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው በጥቂት ወር ውስጥ ፓራፋንጎው ተጣሞ በሩ ገብቶ ይታያል። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ነጂው ወንበር ይመልከት።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ሐሰትን ስንጥል ከሐሰቱ አጠገብ የተቀመጠውን እውነት አብረን እንዳንጥል እንጠንቀቅ። ቀለም ገድ ባይኖረውም ለዓይን የሚያደርገው ነገር አለ። በሲንጋፖር አንድ ኩባንያ ቢጫና ሰማያዊ ታክሲዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 4,175 ቢጫዎችን ከ12,525 ሰማያዊዎች ጋር ባስተያየ ጊዜ፣ በአንድ ሺህ ሰማያዊ ታክሲዎች ላይ በወር 71.7 አደጋ፣ በአንድ ሺህ ቢጫዎች ላይ ግን 65.6 አደጋ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ምሥጢር አልነበረም፤ ቢጫው ከሩቅ ጎልቶ ስለሚታይ ሌላው ነጂ ፈጥኖ ፍሬን ይይዛል። በአውስትራሊያም በ2007 የወጣ ጥናት ጥቁር መኪና በቀን ብርሃን ከነጭ ይልቅ ከመቶ 12 ያህል ለአደጋ የቀረበ መሆኑን አመለከተ።

ደግሞ ይህን ልብ በል፤ በኒውዚላንድ በ2003 በታተመ ጥናት ብርማ ቀለም ያላቸው መኪኖች ከሁሉ ይልቅ ከክፉ አደጋ የራቁ ሆነው ሲገኙ፣ በአውስትራሊያው ጥናት ግን ብርማው ከነጭ ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ሆነ። እንግዲህ ቀለም የሚረዳው ወይም የሚጎዳው እንደ መንገዱ፣ እንደ ብርሃኑና በመኪናው ዙሪያ እንዳለው መልክ ነው። ከጅጅጋ በደጋሃቡር በኩል ወደ ጉናጋዶ የሚወርድ መኪና አቧራ የሚመስል ቀለም ቢኖረው፣ በአቧራ መካከል ከሩቅ አይለይም። መድኃኒቱም ክታብ ማንጠልጠል አይደለም፤ መብራት ማብራት፣ መስተዋት መጥረግ፣ ፍጥነት መቀነስ ነው።

«ይህ ቀለም አካል ያስጎዳል» የሚለውም ንግግር ምክንያቱን ከጋራዥ እናገኘዋለን። ጥቁር መኪና ፀሐይ እንደ መስተዋት ስለምታንጸባርቅበት ጥቂቷን ጭረት ሁሉ ያሳያል፤ ነጩ ይሸሽጋል። ጭረቱ ባይበዛም የሚታየው ስለበዛ ጥቁሩ ስሙ ይጠፋል። ቀይ ቀለምም በብርቱ ፀሐይ ብዙ ጊዜ ሲቆም ይደበዝዛል፤ ብርማውም ከተጋጨ በኋላ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር ልክ ስለማይገጥም ጠባሳው ይታወቃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተጋጭቶ ሻንሲው የተጣመመ መኪና ነው። ባቲላሜራው ቆርቆሮውን ያቃናዋል፤ ቀለም ቀቢውም ስቱኮ ሞልቶ በአዲስ ቀለም ያስጌጠዋል፤ ባለቤቱም ነገሩን ሸሽጎ ይሸጠዋል። መኪናው ወደ አንድ ወገን እየጎተተ፣ ጎማውን ባንድ በኩል እየበላ፣ ዳግመኛ በተጋጨ ጊዜ የገዛው ሰው «ቀለሙ ገደ ቢስ ነው» ይላል። ገደ ቢሱ ቀለም ሳይሆን ከቀለሙ በታች የተቀበረው የሻጩ ውሸት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንድረስ። ከሐረር ወገን መጥተህ የካራማራን በር ስታልፍ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በዚያ መንገድ ከአወዳይ ጫት የጫኑ መኪኖች ቅጠሉ ሳይጠወልግ ወደ ጅጅጋና ወደ ቶጎ ውጫሌ ለመድረስ ይጣደፋሉ። ወደ ማታ ጊዜ የግመል መንጋ መንገድ ያቋርጣል፤ ነጂውም እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል። አደጋ ቢደርስ ከጥድፊያው፣ ከጭነቱ ብዛት፣ ካለቀው ፍሬንና ከድካሙ መካከል የቱን ነው በቀለም የምናመካኘው? ሕዝባችን ስለ አደጋው ብዛት የአይሱዙን የጭነት መኪና «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙ የወጣው ከእውነተኛ ኀዘን ነው፤ ነገር ግን በደሉን በብረቱ ላይ ጥሎ፣ ነጂውንና «ፍጠን» ብሎ የሚልከውን ባለንብረት ነፃ ያወጣቸዋል።

በገድ ማመን ከስንፍና አልፎ በደል የሚሆነውም በዚህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ100,000 ሰዎች 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሞቱ ገምቷል። ከእነዚህ ሙታን ኋላ የቀሩት ልጆች፣ «ቀለሙ ነው» ተብሎ ቢነገራቸው ማንን ይጠይቁ? ቀለም ከዳኛ ፊት አይቆምም፤ ካሣ አይከፍልም፤ ይቅርታም አይለምንም። ባለመኪናውም ፍሬኑን ሳያሠራ መኪናውን ሌላ ቀለም ቢያስቀባ፣ ገንዘቡን ከስሮ ለሚቀጥለው አደጋ ጊዜ ሰጠ። ከዚህም የባሰው፣ ገድን ከቀለም የሚፈልግ ሰው ኋላ ከሰው ይፈልገዋል፤ «ይህ ረዳት ከተቀጠረ ወዲህ አልቀናኝም» ብሎ በደል የሌለበትን ድኻ ልጅ ከእንጀራው ያባርረዋል። ደግሞም «ቀለሜ ገደኛ ነው» ብሎ የሚተማመን ነጂ ከሚፈራው ይልቅ ያስፈራል፤ ዓይኑን ከመንገድ ላይ አንሥቶ በቀለሙ ላይ ጥሏልና።

ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች በተናገረ ጊዜ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ነበሩ ማለትን ከልክሎ ሰሚዎቹን ወደ ገዛ ልባቸው መለሳቸው። በሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዘንድ ሊቃውንቱ በክፉ ገድ ማመንን ይነቅፋሉ። እንግዲህ በዚህ ነገር ሁላችንም ያለ ማመካኛ ነን።

ምናልባት «ሁሉ ነገር በሰው እጅ ነውን? ተጠንቅቆ ሲሄድ የሚገጨው ሰው የለምን?» ትል ይሆናል። በእውነት አለ። የሌላው በደል ያገኘዋል፤ ድንጋይ ይወርድበታል፤ ሰው ሁሉን አያውቅምና። ነገር ግን የማናውቀው ነገር መኖሩ የምናውቀውን ከመሥራት አያሳርፈንም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፤ ስለ መኪና አንድ ነገር በሰማህ ጊዜ በዚህ ፈትነው፤ ይህ ነገር ወደ ሥራ ይመራኛልን ወይስ ከሥራ ያሳርፈኛል? «ጥቁር መኪና በማታ በደንብ አይታይም» የሚል ቃል መብራትህን እንድታበራ ያደርግሃልና ተቀበለው። «ጥቁር መኪና ገድ የለውም» የሚል ግን እጅህን አጣጥፈህ እንድትፈራ ብቻ ያደርግሃልና ተወው። ደስ የሚልህን ቀለም ምረጥ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን በታመነ መካኒክ ከሥሩ አስመርምረው። ስትሸጥም የተጋጨውን ተጋጭቷል ብለህ ተናገር። ሠራተኛህን በማያሳርፍ ጉዞ አታስጨንቀው። በመንገድ ዳር የሚሄደው ሕፃን የመኪናህን ቀለም አልመረጠም፤ ነፍሱ የተሰጠችው ለአንተ ጥንቃቄ ነው።