የማንጎው ካሳ

በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በማሳዋ ዳር፣ በጋብቻቸው ጊዜ የተከሉት ትልቅ ማንጎ ነበር። አንድ ዓመት ገበሬዎቹ የመስኖውን ውሃ ወደ ታችኛው ማሳ ለማውረድ ተማከሩ። ቦዩ በሌላ በኩል መውጫ አጣ፤ ማንጎው መቆረጡ ግድ ሆነ። ለካሳ የሚሆን ገንዘብ ተዋጣ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ “ባለቤቱ ይቅረብ” ተባለ።

ስድስት ሰው ተነሣ።

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሕግ ጨርሶ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ነበር። የሀብት ዓይነቶችን ከነትርጉማቸው እንደ ዳዊት ሲደግማቸው ከርሟል። ስድስቱን ሲያይ መልሱ ወዲያው መጣለት።

“አባቶቼ፣ ይህ የጋራ ሀብት ነው። ካሳው ለስድስት እኩል ይካፈል።”

ስድስቱም ተቃወሙት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው፣ “ልጄ፣ የነገሩን ስም ለጊዜው ተወው። ዛፉ ሲወድቅና ቦዩ ሲቆፈር ምን እንደሚያጡ እያንዳንዳቸውን ጠይቃቸው” አሉት።

ሴትዮዋ ቀደመች። “እኔ ይዞታዬን ነው የማጣው። ደብተሩ ላይ የእኔም የሟቹም ፎቶ አለ። ቦዩ ለሚወስደው መሬት ምትክ ስጡኝ። ዛፉን ደግሞ በእንስራ እያጠጣሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።”

ሟቹ ከፊተኛ ሚስቱ የወለዳት አንድ ልጁ ከአዲስ አበባ መጥታለች። “ከዛፉ እኩሌታው የአባቴ ነበር። እኔ የማጣው ውርሴን ነው።”

“እኔ እኩል አራሽ ነኝ” አለ ሦስተኛው። “በዛፉ ነገር የለሁበትም። የዘራሁት ማሾ ግን ገና አልደረሰም፤ ከሚጠፋው ግማሹ የእኔ ነው።”

ነጋዴው ፍሬውን ከዛፉ ሳይወርድ ገዝቶ ዋጋውን ከፍሏል። “የዘንድሮውን አጣለሁ። የከርሞው አይመለከተኝም።”

ጎረቤቷ፣ “እኔ ብር አልፈልግም፤ አያቴም አባቴም አህያቸውን እየነዱ ወንዝ የወረዱት በዚህ ነው” አለ። ከቆላው ማዶ የመጣው የአፋር ከብት አርቢም፣ “ማሽላው ከታጨደ በኋላ ከብቶቼ አገዳውን ይበላሉ፤ ከአባቶቻችሁ ጋር የተስማማነው ነው። ቦይ ስትቆፍሩ በየት ይሻገሩ?” ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ ለሴትዮዋ ምትክ መሬት ቆረጡላት። የዛፉን ዋጋ ለሁለት ከፍለው አንዱን ለእርሷ፣ አንዱን ለልጅቱ ሰጡ። የማሾው ግምት ለአራሹና ለሴትዮዋ፣ የዘንድሮው ፍሬ ለነጋዴው ሆነ። ጎረቤቱና አርቢው አንድ ሳንቲም አልወሰዱም፤ በቦዩ ላይ ከብት የሚያሻግር የእንጨት ድልድይ እንዲሠራላቸው ተወሰነ። ወጣቱ በያንዳንዱ ሰው ስም ትይዩ የሚያጣውን ጻፈ። ማታ ቤቱ ሲገባ የጥናት ደብተሩንም እንዲሁ ለሁለት አሰመረው።

የንብረት ሕግን ለፈተና የሚያጠኑ ልጆች የሚወድቁት ወጣቱ ቸኩሎ የመለሰው ዓይነት መልስ ላይ ነው። ፈተናው መሬትና ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ እነርሱ ስሞች ብቻ ይዘው ይገባሉ። በአንድ ማሳ ላይ ብዙ መብት መደራረቡ ደግሞ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ባለርስቱ፣ ግብር የሚበላው ባለጉልትና የሚያርሰው ጭሰኛ በአንድ መሬት ላይ ይገናኙ ነበር። የየካቲት 25ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሬቱ ላይ በጉልበት ወይም በገንዘብ የተሠራው ቋሚ ንብረት ግን የሠሪው ነው፤ መሸጥም ማውረስም ይችላል፣ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥ ንብረቱን ያነሣል ወይም ካሳ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ለመሬቱ ምትክ፣ ለዛፉ ዋጋ የጠየቀችው ለዚህ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ፈቃዱን ቢያገኝ እንዲህ ያለችውን ሴት ችሎት ላይ ባዶ እጇን ይመልሳታል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከውጤቱ ይልቅ ይህ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም “ማን ምን ያጣል?” በሚለው በሽማግሌው ጥያቄ ይፈታል። የአላባ ተጠቃሚ የሌላ ሰውን ቤት ይኖርበታል፣ ያከራየዋል፤ ሲሞት ግን መብቱ አብሮት ያበቃል፣ ለልጆቹ አይተርፍም። የመተላለፊያ መብት፣ ሕጉ የንብረት አገልግሎት የሚለው፣ ከሰውየው ይልቅ ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባለመሬት ሲለወጥም ይቀጥላል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ህንጻ ቤት የገዛ ሰው ቤቱን ለብቻው ይይዛል፤ ደረጃውና ጣሪያው ግን የሁሉም ነው፣ ድርሻውን ከቤቱ ነጥሎ ሊሸጠው አይችልም። በከተማ ሊዝ መኖሪያ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ቤቱ የራሱ ሆኖ መሬቱን የያዘው ለ99 ዓመት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለቤት ድለላ ፈቃድ የሚፈተኑ ኢትዮጵያውያንም ያው ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። እዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት በጋራ ከሚይዙባቸው መንገዶች ሁለቱ የተለመዱ ናቸው፤ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ እጅግ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው አንዱ ሲሞት ነው። በአንደኛው ድርሻው በሕይወት ለቀረው ባለድርሻ ያልፋል፣ የሟች ልጆች ምንም አያገኙም። በሌላው ድርሻው ለወራሾቹ ይሄዳል። የእኛ የጋራ ባለሀብትነት ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች ሸዋ ሮቢት ላይ በጋራ ቤት ሠርተው አንዱ ቢሞት፣ በሕይወት ያለው ከሟች ልጆች ጋር መነጋገር አለበት።