የማነብበት ሰዓት የማን ነው?

ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ፣ እኔ አንድ ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ያዘዝኩት ሁለተኛ ማኪያቶ ቀዝቅዟል። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቶኝ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ሶፍት አስቀምጦልኝ ሄደ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነብ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ነበር፤ ያኔ ያስለቀሰኝ ፍቅሩ ነው። አሁን በ34 ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ በሌላ ሰው ፈቃድ ሲባክን ማየት አንጀቴን በላው።

መጽሐፉን ዘግቼ፣ ዓይኔን ጠርጌ ስልኬን ሳየው 12 ሰዓት ከሩብ ይላል። ድምፁን አጥፍቼው ነበር። ሁለት ሚስድ ኮል። ከቤት።

እንዴት እዚያ እንደተገኘሁ ልንገራችሁ። የዚያን ቀን ቢሮ መብራት ጠፋና 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተለቀቅን። በሥራ ቀን ያልታሰበ ሁለት ሰዓት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ያልሆናችሁ ደግሞ የረሳችሁት ኮት ኪስ ውስጥ ሁለት ሺህ ብር እንዳገኛችሁ አድርጋችሁ አስቡት። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ፕሮጀክት ላይ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ከሠራተኛዬ ጋር ናቸው። ቤት የምጠበቀው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «አንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ ገባሁ። ማንበብ የሚወድ ሰው «አንድ ሰዓት ብቻ» ሲል አትመኑት።

የዘነጋሁት ነገር ነበር። ሠራተኛዬ ማታ ትማራለች፤ አራተኛ ክፍል ናት። የዚያን ቀን 12 ሰዓት ላይ የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና ነበራት። ከሳምንት በፊት ነግራኛለች። ጠዋት ቦርሳዬን ስታቀብለኝም ደግማ ነግራኛለች፤ እኔም «እሺ፣ እሺ» ብያለሁ።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ታሪኩ የእሷም ስለሆነ፣ ስሟን ላውጣው ካልኩ ፈቃዷን መጠየቅ አለብኝ። ብጠይቃት ደግሞ «እሺ እትዬ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ችግሩም እሱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው የምበልጣት፤ ግን አንቱ ትለኛለች። አንቺ በይኝ ብያት ነበር፤ አንድ ቀን ሞክራ ተወችው።

አራት ፎቅ ደረጃ ሮጬ ወጣሁ። በሩን ከፈተችልኝ። ጫማዋን አድርጋለች። ደብተሯና እስክሪብቶዋ በፌስታል ተጠቅልለው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ትንሹ ልጄ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ተኝቷል።

«ትራንስፖርት ጠፍቶ ነው» አልኳት።

ፊቴን አየችኝ፤ ቆየት ብላ አየችኝ። ከዚያ «ምንም አይደል እትዬ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ልጁን አስተኛችው። ጫማዋን አወለቀች። ሳልጠይቃት ቡና አፍልታ አመጣችልኝና «ይጠጡ፣ ያበረታዎታል» አለችኝ። እኔም ጠጣሁ። «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት!» እያልኩ በልቤ፣ ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጠላዬ ታጥቦና ተተኩሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምነው ብላት አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እትዬ፣ ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ እኮ። ማን ነው የሞተብዎ?» አለችኝ።

ገባችሁ? ዓይኔ ቀልቶ ስገባ መርዶ የሰማሁ መስሏታል። ትራንስፖርት ያልኳት ሐዘኔን ለመደበቅ ነው ብላ አስባለች። ፈተና ያመለጣት እሷ፣ እኔን ስታጽናና ሰንብታለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር።»

«መጽሐፍ እንዲህ ዓይን እስኪያብጥ ያስለቅሳል?»

«አንዳንዱ ያስለቅሳል።»

ዝም ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ሳህን ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ እዚያው ሆና፣ «ከሃምሳ ነበር የሚያዘው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። መጽሐፍ ያነበብነውን ሰዎች የተሻልን ያደርገናል ብለን እናምናለን። ልጆቻችንን «አንብቡ» የምንለው ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ልብ ወለድ በሌላው ጫማ ያስኬዳል፣ ርኅራኄ ያስተምራል። እንግዲያውስ ለሌለች ሰው ስንሰቀሰቅ፣ ያለችው ሰው በር ላይ ጫማዋን አድርጋ እየጠበቀችኝ እንደነበር እንዴት ረሳሁ?

ይህን ቀድሞኝ ያየ ሰው አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፉ፣ ስለ ልማድ በሚያወራበት ምዕራፍ፣ አንዲት ሩሲያዊት ወይዘሮ ያነሳል። ወይዘሮዋ ቲያትር ቤት ውስጥ በመድረክ ላይ ላሉት ሰዎች ታለቅሳለች፤ ውጭ ሠረገላው ላይ ሆኖ የሚጠብቃት ነጂዋ ግን በብርድ ደርቆ ይሞታል። ሳነበው ደነገጥኩ። ሠረገላው ኮንዶሚኒየም፣ ብርዱም ፈተና ሆነ እንጂ ወይዘሮዋ እኔ ነኝ። ከእሱ መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ደግሞ ሩሶ ቲያትርን ሲተች፣ ለፈጠራ ታሪክ ያፈሰስነው እንባ ግዴታችንን የተወጣን እንዲመስለን ያደርጋል ብሎ ነበር። (ሩሶ ስለ ልጅ አስተዳደግ ትልቅ መጽሐፍ የጻፈ፣ የራሱን አምስት ልጆች ግን ለሕፃናት ማሳደጊያ የሰጠ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከውስጥ ያውቀዋል።)

ጄምስ መፍትሔ ያለውንም ያስቀምጣል። ስሜትህ ሲነካ ወዲያው አንድ ነገር አድርግበት፣ ትንሽም ብትሆን፤ ለምሳሌ ፈረስ በሚጎትተው የሕዝብ ሠረገላ ውስጥ ወንበርህን ለሌላ ሰው ልቀቅ ይላል። ምክሩ ደስ ይላል፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ለአዛውንት ስነሳ ከረምኩ። ግን አልበቃኝም። ሠረገላ ነጂው የሚያስፈልገው የወይዘሮዋ ልብ መሞቅ ነው እንዴ? ቲያትሩ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የታወቀ ነገር ቢኖረው፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ሠረገላውን ይዞ ቤቱ መግባት ቢችል አይሻለውም? ወይዘሮዋ ደረቅ፣ አንድም ቀን አልቅሳ የማታውቅ ሴት ብትሆን እንኳን ሰውየው በሕይወት ይኖር ነበር።

እኔ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀኔን በስምንት ሰዓት ይገድብልኛል። የቤት ሠራተኛዬ ግን በዚያ አዋጅ ውስጥ የለችም። የእሷ ቀን የሚያልቀው እኔ ስገባ ነው። እኔ የምገባው ደግሞ፣ እንዳያችሁት፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ነው። አረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ማረፊያ ቀን ተነፍገው፣ ፓስፖርታቸው ተይዞ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲመጣ አጋርተን የምናለቅሰውም እኛው ነን። የማጋራበት ስልክ ቻርጅ የሚደረገው እሷ በምትተኛበት ማዕድ ቤት ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ባልሽስ?» እያላችሁ ነው። ትክክል ናችሁ፤ እኔም እሱ ላይ መድረሴ አይቀርም ነበር። እሱ ቅዳሜ መጥቶ ኳስ ሲያይ «ይህ ሰዓት የማን ነው?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እናት ስታነብ ግን የሆነ ቦታ ላይ ሰዓቱን እንደሰረቀች ይሰማታል። ይኸው እኔም «በተሰረቀ ሰዓት ነው የማነበው» እያልኩ በኩራት ስናገር ኖሬያለሁ። ሰርቪስ ውስጥ አነባለሁ፣ የባንክ ወረፋ ላይ አነባለሁ፣ ልጆቹ ሻወር ላይ ያለሁ ሲመስላቸው ውሃውን ከፍቼ ያነበብኩበት ቀንም አለ። ከማን እንደምሰርቅ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ከባለቤቴ አይደለም፤ የእሱን ሰዓት ለመንካት ጠብ ያስፈልጋል። ከአለቃዬም አይደለም። ጠብ የማያስነሳው፣ «ምንም አይደል እትዬ» የሚለው ሰዓት የእሷ ነው። ከእሱ ልወስድ የሚገባኝን ከእሷ ወሰድኩ።

ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1929 እ.ኤ.አ. ሴት እንድትጽፍ በዓመት 500 ፓውንድና የራሷ የሆነ ክፍል ያስፈልጋታል ብላ ጻፈች። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ያንን ሐሳብ እንደ ባንዲራ ይዤው ነበር፤ አሁንም አልጣልኩትም። ግን የዉልፍን ቤት ያበስልና ያጸዳ የነበረው ማን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ኔሊ ቦክሶል የምትባል ሴት ከ1916 እስከ 1934 አብራት ኖራለች። ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ላሰናብታት ስትል ስትመልሳት የዉልፍ ማስታወሻ ደብተር መዝግቦታል። የምሽቱ እራት ባይቀርብ ያ መጽሐፍ ይጻፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ዉልፍን ለመክሰስ አይደለም፤ ያን መጽሐፍ ባልጻፈች ብዬ አንድም ቀን አልመኝም። እንዲያውም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ያስደሰተኝን መጽሐፍ ሁሉ፣ ያነበብኩበትን ሰዓት ሁሉ መልሼ ልስጥ ብባል አልሰጥም።

እናቴ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ታላቅ እህቴን ያኔ ጎረቤት ትይዝላት ነበር፤ እናቴም በተራዋ የጎረቤቷን ልጆች ትይዝ ነበር። ይህን ታሪክ ስትነግረን ስለ ፊደል ሳይሆን ስለ ተራው ነው የምታወራው። ማን በየትኛው ቀን እንደያዘ፣ ማን ተራዋን እንዳጓደለች እስካሁን ታስታውሳለች።

ትምህርት ቤት ሄጄ ለመንኩ። ድጋሚ ፈተና የሚሰጠው በሐኪም ማስረጃ ብቻ ነው አሉኝ። ማስረጃ የሚያጽፍልኝ ዘመድ አለኝ፤ ጥፋቴን በሌላ ውሸት ልሸፍነው ተዘጋጅቼ ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። «አልታመምኩም እኮ» አለች። «እደግመዋለሁ።» ዓመቱን ማለቷ ነው። እየደገመችው ነው።

አሁን ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የምገባበት ሰዓት፣ የእሷ የትምህርት ቀናት፣ እሑድ ሙሉ ቀን የእሷ እንደሆነ፣ በዘገየሁ ቁጥር የምከፍለው ብር ተጽፎበታል። ባለቤቴ ሲያየው ሳቀ፤ የእሱን ስም እሑድ ከሰዓት ላይ ሲያገኘው ግን መሳቁን ተወ። ወረቀቱ ላይ «ርኅራኄ» የሚል ቃል የለም። ከማንኛውም ካነበብኩት መጽሐፍ ይልቅ እሱ ሳይሻል አይቀርም እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያንን ካፌ ጥግ፣ ያንን እንባ ባላውቀው ኖሮ ነጠላው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይህን ያህል አፍር ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ቀን አዎ ነው መልሴ፣ አንዳንድ ቀን አይደለም።

በቀደም ሽንኩርት እየላጥን «ምን ነበር ግን መጽሐፉ?» አለችኝ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ስልኬ ላይ ከፈትኩላት። ከዚያ ወዲህ እራት በሚሠራበት ሰዓት አብረን እናዳምጣለን። ሰብለና በዛብህ ላይ እንደ እኔ ትሆናለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብዙም አልሞቃትም። ባላገሮቹ ከደንብ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሱ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች። «እሰይ!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ ደንግጣ መሰለኝ፣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ትንሽ ዘግይቼ።

ባለፈው ማክሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበራት። ጠዋት ቦርሳዬን ስታቀብለኝ ቀለለኝ። ከፍቼ አየሁት። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አዲሱ መጽሐፌ፣ የልጄ ሪባን መሀሉ ላይ ምልክት ሆኖ፣ ተቀምጧል።

«ማታ ያገኙታል» አለችኝ።