ጎራ ሳይሉ ማለፍ

የጉዞ ዕቅዱ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። መነሻ ቴፒ፣ ጠዋት 12፡30። ከዚያ ሰባት ማቆሚያዎች፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የደቂቃ ቁጥር ተጽፏል፤ 15፣ 10፣ 20፣ 40። አዳር ቦንጋ። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ዝም ብሎ ለሚነዳ ሰው ከምሳ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ልናጣጥመው ነበር ሐሳባችን።

አራት ነበርን፣ ከሾፌሩ ጋር አምስት። ሦስቱ ጓደኞቼ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። አንዷ አሜሪካ ኖራ የተመለሰች ናት፤ ሃዋይ ሄዳ ማዊ በምትባለው ደሴት ላይ ወደ ሃና የሚወስደውን የባሕር ዳር መንገድ ነድታዋለች። ከ600 በላይ ኩርባና 59 ድልድይ ያለው መንገድ ነው፤ ከድልድዮቹ አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፉት። ሰው እዚያ የሚሄደው ሃና ለመድረስ አይደለም አለችን፤ የሚሄደው በየመንገዱ ለመቆም ነው። እዚህ ፏፏቴ፣ እዚያ ጥቁር አሸዋ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ የሙዝ ዳቦ የሚሸጥበት ጎጆ። "ያንተም አገር እንደዚያ አረንጓዴ ነው ትል የለ? በል አቅድልና!" ያንተ አገር ያለችው ሚዛን ተፈሪ ስላደግኩ ነው።

ደስ ብሎኝ አቀድኩ። ባሕር የለንም እንጂ ሌላው ሁሉ አለን። ቴፒ ሞቃት ነው፤ ሙዝ፣ ማንጎ፣ አናናስ፣ በዛፍ ግንድ ላይ የተጠመጠመ ቁንዶ በርበሬ። ወደ ሸኮ ሲወጣ ጫካው መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና፣ እርጥብ በሆነው ቦታ ደግሞ ኮረሪማ። ሚዛንን አልፎ ደጋው ሲጀምር እንሰት ይበዛል። ውሽውሽ ሲደርሱ የሻይ ተክሉ ኮረብታውን እንደተከረከመ ፀጉር አልብሶታል። ቦንጋ አካባቢ የባርታ ፏፏቴ አለ። የበበቃን ቡና እርሻ ከዝርዝሩ አወጣሁት፤ ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ስለሆነ ከመስመራችን ያስወጣናል። መለኪያዬ ቀላል ነበር። ከመኪና እንደወረዱ ወዲያው የሚታይ ነገር አለ ወይ? ብርሃኑስ በስንት ሰዓት ነው የሚያምረው?

በዚህ መለኪያ ሸኮ ያለው የአክስቴ ቤት አልገባም።

የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ቤቷ ከመንገዱ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምላከው እሷ ጋ ነበር። እሷ ቤት ግን "15 ደቂቃ" ብሎ ነገር የለም። ቡናው ይቆላል፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል፣ ጎደሬው ይቀቀላል፣ ማንም ያልጠየቀው ዶሮ ይያዛል፣ ከዚያ ጎረቤት ይጠራል። ለብቻ ቢሄዱ ቢያንስ ሦስት ሰዓት። አምስት ሰው ሆኖማ ግማሽ ቀን። እኛ ደግሞ ፏፏቴው ጋ ብርሃን ሳለ መድረስ ነበረብን። በልቤ "ሌላ ጊዜ ለብቻዬ እመጣለሁ" አልኩና ዘለልኳት። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም፤ ያለ ክፉ ሐሳብ የሚደረገው ነገር ነው በኋላ ያስቸገረኝ።

ጊዜው ኅዳር ነው፤ ቡና የሚለቀምበት፣ ቀይ ፍሬ በየደጁ በአልጋ ላይ የሚሰጣበት። የመጀመሪያው ማቆሚያችን ከቴፒ ወጥተን ሽቅብ ስንጀምር ነበር። ጉሙ ከጫካው እየተነሳ ነው። ወረድን፣ ስልኮቻችንን አወጣን። ሁለት ጎረምሶች ከታች ከቡናው ውስጥ እየሮጡ መጡ፤ አንደኛው ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። እውነቱን ለመናገር ደነገጥን። ልጁ ድንጋዩን ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀና "ምን ሆናችሁ?" አለ።

መኪናው የተበላሸ መስሏቸው ነው። ሰፈር በሌለበት፣ ገበያ በሌለበት መኪና የሚቆመው ሲበላሽ ነዋ! ሾፌሩ "ምንም አልሆኑም፣ ሊያዩ ነው" አላቸው። "ምኑን?" አለ ልጁ። ዞር ብሎም አየ፤ ጉሙን፣ ጫካውን፣ የራሱን ቡና። ከዚያ ሳቀ፣ ክፋት የሌለበት ሳቅ። ድንጋዩን መልሶ ተሸክሞ ወረደ።

ከዚህ ተነስቶ "የአገሬው ሰው የአገሩን ውበት አያይም" ማለት ቀላል ነው፤ መኪና ውስጥ ተመልሰን እንደገባን ከመካከላችን አንዱ ብሎታልም። ውሸት ነው። አክስቴ ጠዋት በሯን ከፍታ "ዛሬስ አገሩ አምሮበታል" ስትል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ልጁ የጠየቀው ውበቱ የት አለ ብሎ አይደለም። መቆም ለእሱ ምክንያት አለው። የቆመ ሰው ወይ ችግር ገጥሞታል፣ ወይ ሰው ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ሊገዛ ነው። ሦስቱም ከሰው ጋር ያገናኛሉ። የእኛ አቋቋም ከማንም ጋር አያገናኝም ነበር። ድንጋይ ይዞ መምጣቱ እኮ ከአንድ የማያውቀው መኪና ጋር ራሱን ማገናኘቱ ነው።

አማርኛችን ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ዘመድ ጋ ስንሄድ "ልጠይቃቸው ነው" እንላለን። ጥየቃ ነው፤ ጥያቄ አለበት፣ መልስ አለበት፣ እንዴት ሰነበታችሁ አለበት። ቦታ ስናይ ግን "ጎበኘን" እንላለን። የሚጎበኝ ሰው ይዞርና ያያል፤ ባለሥልጣንም ፋብሪካ ሲያይ ጎበኘ ነው የሚባለው። የተጎበኘው ነገር ጎብኚውን መልሶ ምንም አይጠይቀውም።

ሸኮን ስናልፍ ከኋላ ወንበር በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። የቤቷ ቆርቆሮ ታየኝ። ጭስ ይወጣ ነበር። ለሾፌሩ አልተናገርኩም። ጓደኞቼም እዚያ አክስት እንዳለችኝ አያውቁም፤ ያልነገርኳቸው ብነግራቸው "እንግባ" እንደሚሉ ስለማውቅ ነው። መስኮቱን ዘጋሁ ልበል? አልዘጋሁትም። ዘወር ብዬ በሌላው በኩል ያለውን ጫካ ነው ያየሁት።

የቀረው ቀን እንደ ዕቅዱ ሄደ ማለት ይቻላል። ውሽውሽ ላይ ዝናብ ያዘን፤ በዚያ አገር ኅዳርም ቢሆን ዝናብ አይገርምም። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ብርሃን ነበር። ፎቶዎቹ ያምራሉ።

በአራተኛው ቀን አክስቴ ደወለች።

"አገር መጥተህ ነበር አሉኝ" አለች። ማን እንዳያት፣ ማን እንደነገራት አልተናገረችም። አንዱ ከቡና አልጋው አጠገብ ሆኖ፣ አንዷ ከገበያ ስትመለስ አይታኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የማየው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ መንገዱም ያየኝ ነበር፤ ያውም በስሜና በእናቴ ስም እያወቀኝ።

ዝም ስል ጊዜ ራሷ ቀጠለች። "ዝናብ ይዟችሁ ነው አይደል?"

"አዎ እትዬ፣ ዝናብ ይዞን" አልኩ።

"ይሁን። መንገዱ በዝናብ መጥፎ ነው።" ስለ እናቴ ጤና ጠየቀችኝና ተሰነባበትን።

ምን በደልኳት? ይህን ጥያቄ ለብዙ ቀን ይዤው ዞሬአለሁ። እመጣለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም። አልጠበቀችኝም፤ ቡና ቆልታ ደጅ ደጁን አላየችም። ማንም አይቶ ባይነግራት ኖሮ ምንም የሚጎድላት ነገር አልነበረም። ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው? ነጋሪው ላይ? እንዲህ ሲታሰብ ጉዳዩ ሐሜት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እኔ ግን ጉዳዩ ዕቅዱ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ከመኪናው በፊት፣ ጭሱን ከማየቴም በፊት። አክስቴንና ፏፏቴውን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጬ በደቂቃ አወዳደርኳቸው። ፏፏቴው አሸነፈ። ያሸነፈበት ምክንያት ደግሞ ይገርማል፤ ብርሃን አይጠብቅም፣ አክስት ትጠብቃለች። ከሁለቱ የምትጠብቀውን ማሳለፍ ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ከተሰላ ሁልጊዜ የሚታለፉት የሚጠብቁን ሰዎች ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ስንት "ሌላ ጊዜ" እንዳጠራቀምኩ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

ሃናን የነዳችው ጓደኛዬ የእዚያን አገር ሰዎች ነገር በኋላ አጫወተችኝ። ጎብኚው ድልድይ ላይ ሁሉ እያቆመ ፎቶ ሲያነሳ፣ ወደ ሥራ ወይም ወደ ሐኪም የሚሄደው ነዋሪ ከኋላ ይቆማል። ስለዚህ ጎብኚዎች ጥግ ይዘው ነዋሪውን እንዲያሳልፉ ይለመናሉ፤ የተከለከለ ቦታ ላይ ያቆመ ይቀጣል። በዚያው መንገድ ላይ ያለውና ጥቁር አሸዋው የሚገኝበት ፓርክ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌላ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ቦታ ሳይዝ አይገባበትም። ነዋሪዎቹ የመታየት ሥርዓት እያወጡ ነው ማለት ነው።

እኛ ጋ ገና ነው። ግን እየመጣ ነው። የከፋ ደን በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከመረጣቸው ሦስት ቦታዎች አንዱ ኮይሻ ነው፤ ኮይሻም እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ነው። አልቃወምም። ድንጋይ ይዞ የመጣው ልጅ አንድ ቀን አስጎብኚ ሆኖ ደህና ገንዘብ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ግን "ማንም ያልነካው ጫካ" የሚለው አነጋገር ያሳስበኛል። በጉዟችን ላይ ሦስቴ ተብሏል፤ አንዴ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለፎቶው ስለሚያምር። የሸካ ሰው ደኑን በኮቦ ይዞ ነው የኖረው፤ ለአላፊው ባለቤት የሌለው የሚመስለው ጫካ ቀፎ የሚሰቅልበት የታወቀ ባለቤት አለው። ዴዶ የሚባሉ የተከበሩ ሥፍራዎችም አሉ፤ ዛፍ፣ የወንዝ ዳር፣ ፏፏቴ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንደልብ የሚገባባቸውና የሚቆረጥባቸው አይደሉም። ከመኪና መስኮት ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው።

(ከዚህ አገር እንዳለፉ ነገር ይዞ መሄድ የቆየ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጌሻ አካባቢ ጫካ የተሰበሰበ የቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ አድርጎ ፓናማ ገባ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. እዚያ ውድድር አሸንፎ ዓለምን አስገረመ። እኛ ያነሳነው ፎቶ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ነገሩ ይታወሰኛል።)

ይህን ሁሉ ለዚያችው ጓደኛዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ዘመድ የሌለው ሰው መንገድ ላይ አይቁም ነው የምትለው?" አለች። መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። እሷ ሸኮ ውስጥ የምትጠይቀው ሰው የላትም። ቆማ ከማየት ሌላ ምን ታድርግ? እንዲያውም ከጉዞው ሁሉ የወደደችው ድንጋይ የተሸከመውን ልጅ ነው፤ ስሙን ባለመጠየቋ እስካሁን ይቆጫታል። እንግዳ ሆኖ ማየት በራሱ ነውር የለበትም። እንግዳ ጥግ ይዞ ያሳልፋል፣ ይጠይቃል፣ የተከበረውን ያከብራል፣ በቃ።

የእኔ ነገር ሌላ ነው። እኔ እንግዳ አልነበርኩም። ለአንድ ቀን እንግዳ መሆን ግን አማረኝ። የማንም ልጅ ሳልሆን፣ "አገባህ ወይ? እናትህስ? ደመወዝህ ስንት ደረሰ?" ሳልባል፣ ባደግኩበት መንገድ ላይ እንደ ቱሪስት ቀላል ሆኜ ማለፍ። ያን ቀን ካየሁት ነገር ሁሉ ይልቅ ያ ቅለት ነበር ደስ ያለኝ። ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገሩን ሊያይ የሚመለስ ሰው ይህን ስሜት የሚያውቀው ይመስለኛል፤ አብዛኞቻችን አንናገረውም እንጂ።

ጥር ላይ በሚኒባስ ለብቻዬ ሄድኩ። የአክስቴ ቤት አሁንም የሚታይ ነገር የለውም። ከፊት የጎረቤት አጥር፣ ከኋላ እንሰትና ሽንት ቤት። የመጀመሪያው ሰዓት ደስ ይላል። በሁለተኛው ሰዓት፣ ልዋሽ አልችልም፣ ሰልችቶኝ ስልኬን በድብቅ ማየት ጀምሬ ነበር። ጎረቤት መጣ። ስለ ደመወዜ ተጠየቅኩ። ጨሞ ተፈላልኝ፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል። ቀጥሎ ደግሞ ቡናው። ስለ ኅዳሩ ጉዞ ምንም አላነሳችም።

በረካው ሲቀዳ ድፍረት አገኘሁ። "እትዬ፣ ያኔ እኮ ዝናብ አልነበረም" አልኳት። "ማለቴ ውሽውሽ ላይ ነበር፤ እዚህ ግን አልነበረም።"

ስኒዬን ተቀብላ አጠበችው። "ሸኮ ዝናብ ሲዘንብ እኔ አላውቅም እንዴ?" አለች። "ጎደሬውን ብላ፣ ቀዘቀዘ።"