ቋንቋም ምስክር ይቁጠር?

ፊንላንድ ከሰሜን አውሮጳ ጫፍ ናት፤ አሳም ደግሞ ከህንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ የብራህማፑትራ ወንዝ ከሚያጠጣው ሸለቆ። የሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ «ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። በዘር አይዛመዱም። ፊንላንድኛ የኤስቶንኛና የሀንጋሪኛ ወገን ነው፤ አሳምኛ ከሳንስክሪት ቤት የወጣ የቤንጋሊኛ ወንድም ነው። እኛ ያገናኘናቸው ሁለቱም በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ ዓይነት ክስ ስለ ደረሰባቸው ነው፤ ለችሎትና ለትምህርት አትበቁም የሚል ክስ።

እስቲ አስቀድመን ባሕርያቸውን እንይ። አንድ ግስ እንውሰድ፤ መስማትን። አማርኛ እምቢታውን ከፊትና ከኋላ ከፍሎ ግሱን መሐል ያስገባዋል፤ «አልሰማም» ይላል። ፊንላንድኛ «አይ» ማለትን ራሱን ግስ አድርጎታል። እኔ አልሰማም «ኤን ኩሌ» ነው፣ እኛ አንሰማም «ኤሜ ኩሌ»። እንደ ተናጋሪው የሚለዋወጠው እምቢታው እንጂ መስማቱ አይደለም። አሳምኛ ደግሞ ከግሱ ፊት አንዲት «ን» ብቻ ይለጥፋል፤ እሷም አናባቢዋን ከግሱ ትዋሳለች። «ኮሮ» (አደርጋለሁ) «ኖኮሮ» ይሆናል፣ «ኹኖ» (እሰማለሁ) «ኑኹኖ»። ዘመዶቹ «ስ» ወይም «ሽ» የሚሉትን አሳምኛ «ኸ» ማለቱ ነው፤ እኛ ብንሆን በዚች ፊደል አንቸገርም! እንዲሁም «አለኝ» ለማለት ፊንላንዱ «ሚኑላ ኦን» (እኔ ዘንድ አለ)፣ አሳሙ «ሞር አሴ» (የኔ አለ) ይላሉ። እንደኛው ሁሉ ነገሩ መኖሩን ይናገራሉ እንጂ ራሳቸውን ያዥ አያደርጉም።

ከዚህ ሁሉ የትኛው ይበልጣል? እኛ ሚዛኑን ፈልገን አላገኘነውም።

ታዲያ ክሱ ከየት መጣ? ፊንላንድ እስከ 1809 በስዊድን፣ ከዚያም በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቢሮውና የዩኒቨርሲቲው ቋንቋ ስዊድንኛ ነበር። ገበሬው በፊንላንድኛ ይጸልያል፣ ይገበያያል፤ የችሎቱ መዝገብ ግን የሚጻፈው በስዊድንኛ ነው። በ1835 ኤልያስ ለንሮት የተባለ ሐኪም ከገጠር አቀንቃኞች አፍ የለቀመውን ግጥም አያይዞ «ካሌቫላ»ን ሲያሳትም የተማረው ክፍል ስለ ቋንቋው የነበረው ግምት ተለወጠ። በ1863 ዛር ዳግማዊ አሌክሳንደር ፊንላንድኛ በ20 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ከስዊድንኛ እኩል እንዲሆን አዘዘ። የዚህ አዋጅ ዋና ተሟጋች ስኔልማን ራሱ ይጽፍ የነበረው በስዊድንኛ ነው፤ አይገርምም?

አሳምን እንግሊዞች በ1826 ያዙ። በ1836 የችሎቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ቤንጋሊኛ ሆነ። አሳምኛማ የቤንጋሊኛ የገጠር ዘዬ እንጂ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም ተባለ። አናንዳራም ዴኪያል ፉካን የሚባል ወጣት ሹም በ1855 በእንግሊዝኛ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ተከራከረ፤ አሳምኛ ከቤንጋሊኛ የሚለይበትን አሳየ፣ የቆዩ መጻሕፍቱን ዘረዘረ። አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ከ1846 ጀምረው «ኦሩኖዶይ» የምትባል የአሳምኛ መጽሔት ያትሙ ነበር፤ ከነሱ አንዱ ማይልስ ብሮንሰን በ1867 መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1873 ፍርዱ ተገለበጠ። ፉካን ግን አላየውም፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በ1859 ሞቷል።

ሁለቱም የረቱት ምስክር ቆጥረው ነው እንግዲህ። ግጥም አለን፣ መዝገበ ቃላት አለን፣ የጥንት መጽሐፍ አለን ብለው። መልሳቸውን አንነቅፍም፤ ተከሳሽ ምን ያድርግ? የምንነቅፈው ጥያቄውን ነው። ገበሬው ስለ መሬቱ ዳኛ ፊት ሲቆም የሚባለውን እንዲሰማ፣ የሚለውም እንዲሰማለት መብት ያገኘው ቅድመ አያቱ ስለ ገጠሙ ነው ወይስ ሰው ስለ ሆነ? ለንሮት ከጉዞው ባይመለስ፣ «ካሌቫላ»ም ባይታተም ኖሮ ያ ገበሬ በማያውቀው ቋንቋ ቢፈረድበት ትክክል ይሆን ነበር? ኧረ አይሆንም!

ይህን ቃላት መሰንጠቅ ነው የሚል ካለ ከዚያ በኋላ የሆነውን ይመልከት። ቋንቋ የሚከበረው በምስክሩ ከሆነ ምስክር የሌለው ይናቃላ! ፊንላንድ በ1919 ሕገ መንግሥቷ ፊንላንድኛንም ስዊድንኛንም ብሔራዊ ቋንቋ ብላ ጻፈች። ደግ አደረገች፤ ስዊድንኛ ግን ድሮም ምስክር የማያጣ ቋንቋ ነው። በሰሜን ጫፍ ያሉት የሳሚ ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት በፊንላንድኛ እየተማሩ ብዙዎቹ የእናታቸውን ቋንቋ አጡ። በሳሚኛ መሥሪያ ቤት ገብቶ የመስተናገድ መብት የሰጣቸው የቋንቋ ሕግ የጸናው በ1992 ነው።

አሳም በበኩሏ በ1960 አሳምኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገች። በደቡቧ፣ በባራክ ሸለቆ የሚኖሩት ቤንጋሊኛ ተናጋሪዎች ተቃወሙ። ሜይ 19 ቀን 1961 በሲልቻር ባቡር ጣቢያ ፖሊስ ተኮሰባቸውና 11 ሰዎች ሞቱ። ከ1873 እስከ 1961 ሰማንያ ስምንት ዓመት ነው፤ አንድ የሰው ዕድሜ። ከዚያ በኋላ ነው ቤንጋሊኛ በዚያ ሸለቆ እንዲሠራበት የተፈቀደው።

«ለየቋንቋው ዳኛና መምህር ከየት ይመጣል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ጥቂት መቶ ተናጋሪ ላለው ለኢናሪ ሳሚኛ የሕግ መጻሕፍትን ሁሉ አትሙ አንልም። ነገር ግን «አቅም የለኝም» እና «አይገባህም» ለየቅል ናቸው። አቅም ያነሰው አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ ሲያጣም ለከርሞ ይላል፣ ዕዳ እንዳለበት ያውቃል። «አይገባህም» ያለው ግን ምን ዕዳ አለበት? ገንዘብ ሲያገኝም አይከፍልም።

በኦክቶበር 2024 የህንድ መንግሥት አሳምኛን ጥንታውያን ከሚባሉት ቋንቋዎች መዝገብ አስገባው። አብሮት የገባው፣ በዚያው ቀን፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቤንጋሊኛ! መመዘኛው የጽሑፍ ዕድሜ ነው። እዚያው ብራህማፑትራ ሸለቆ ውስጥ የሚነገረው ቦዶ በ2003 በህንድ ሕገ መንግሥት ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች ተቆጥሯል፤ በ2020ም የአሳም ተጨማሪ የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። የቦዶ ጽሑፍ ግን በአብዛኛው የ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ነገ ዕድሜህን በብራና አስረዳ ቢባል ማንን ይጥራ?